የእድሩ ፒክአፕ ኩለር

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ሹፌራችን ነገሪ ከገላን ሲመለስ የእድሩን ፒክአፕ ደጄ ላይ አቁሞ ክላክስ አደረገ። ስወጣ ከመቀመጫው እንኳ አልወረደም።

«ጋሽ ተስፋለም፣ ይቺ መኪና ዳገት እየከበዳት ነው። ማርሽ ትይዝና መልሳ ትለቃለች። ሽታም አላት፤ እስቲ ይዩልኝ።»

የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዤ አየሁ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጠቁሯል። አሸተትኩት፤ ተቃጥሏል። መለኪያውን በጨርቅ ጠርጌ ቦታው መለስኩት።

«ዘይት መቀየር ነው» አልኩት።

«በቃ?»

«በቃ።»

ስትገዛ የመረጥኳት እኔ ነኝ። ጨረታው ላይ አውቶማቲክ ናት ብለው ሁሉም ሲሸሿት፣ ዕድሜዬን በመንግሥት ጋራዥ የጨረስኩ ሰው ነኝና «ግዙ፣ ኃላፊነቱ የእኔ» አልኳቸው። ያኔ ግን የታሰበችው ድንኳንና አግዳሚ ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ እንድታደርስ ነበር። ገላን፣ አራብሳ፣ የካ አባዶ የሚባል ነገር በሐሳባችን አልነበረም። ሰፈሩ ሲነሳ ግማሹ አባል ወደዚያ ሄደ፤ ከመንገዱ ወዲህ ያለነው ቀረን። ዛሬም ከእነሱ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚነሳው ከእኔ ጓሮ፣ ከዕቃ ቤቱ ነው። ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው።

ሰኔ 8፣ እሁድ

የኮሚቴ ስብሰባ። ዳባ ሊቀ መንበራችን እንደ ልማዱ ስለ መዋጮ ሲያደርቀን ቆየ። ከዚያ ጸሐፊዋ ፋኢዛ እጇን አወጣች። ካዛንቺስ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት፤ አባቷ ሲያርፉ በቦታቸው የገባች።

«ማለቴ፣ መኪናዋ ላይ የትራንስሚሽን ኩለር ይገጠም የሚል ሐሳብ አለ» አለች። «ከራዲያተሩ ፊት የምትቀመጥ ትንሽ ነገር ናት አሉ። የካምቢዮውን ዘይት ታቀዘቅዛለች። ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ እንዳይቃጠል።»

እኔ እያለሁ ስለ ካምቢዮ የሚያወራ ሰው ተገኘ ማለት ነው። «ሐሳቡ የማን ነው?» አልኳት።

«የጋሽ መብርሃቶም። ባለፈው ገላን ለቅሶ ላይ መኪናዋ ስትጨስ አይተዋት፣ ትናንት ደወሉልኝ።»

መብርሃቶም። የጂኦግራፊ መምህር። ስንት ዘመን በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ኖረን፣ መኪናው ሲበላሽበት ኮፈኑን የት እንደሚከፍት እኔን የሚጠይቅ ሰው፣ አሁን የካ አባዶ ተቀምጦ መካኒክ ሆነ።

«ለእኔ መንገር ከብዶት ነው?»

ፋኢዛ ቀና ብላ አየችኝ። «ደውለው ነበር እኮ፤ አያነሳልኝም አሉ።»

ስልኬ አንዳንዴ ድምፅ የለውም። ይህን ለኮሚቴው ማስረዳት አላስፈለገኝም። ዳባ «አቶ ተስፋለም መርምረው ይንገሩን፤ እሳቸው ያሉት ይሆናል» ብሎ ዘጋው።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ላንቻ ሄድኩ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው እዚያ ጋራዥ አለው። ነገሩን ነገርኩት። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የት ነው የምትሄደው?»

«ምን አመጣው እሱን?»

«ቂርቆስ ውስጥ የምትዞር ከሆነ ኩለር ለጌጥ ነው። ድንኳን ጭና፣ አግዳሚ በተሳቢ ጎትታ፣ ከኮተቤ ወዲያ ያለውን ዳገት የምትወጣ ከሆነ ግን ዛሬውኑ አስገጥም። ለመሆኑ ይህን አንተ ለእኔ ታስተምራለህ እንጂ እኔ ለአንተ?»

በእግሬ ተመለስኩ። የት ነው የምትሄደው። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ኩለሩን መግጠም ማለት እነሱ በሄዱበት ሁሉ ድንኳን ተሸክመን ስንሮጥ ልንኖር ተስማማን ማለት ነው። ሲሄዱ አላማከሩንም። ሲሞቱ ብቻ ነው የምናስፈልጋቸው።

ሰኔ 15፣ እሁድ

ተናገርኩ። ራዲያተሩ ውስጥ ከፋብሪካው የመጣ ማቀዝቀዣ አለ። ተጨማሪ ቱቦ ማለት ተጨማሪ የሚያፈስ ቦታ ማለት ነው። ደግሞ አዲስ አበባ ነን፣ በረሃ አንወርድም። ሦስቱም እውነት ነው፤ ቃል አልዋሸሁም። ስለ ዘይቱ ሽታ የጠየቀኝ ሰው የለም።

«ስለዚህ?» አለ ዳባ።

«አያስፈልግም።»

«አቶ ተስፋለም ካሉ አለቀ።»

ሁሉም እጁን አወጣ። ፋኢዛ «ጋሼ፣ ሪስኩን ግን አስበውበታል?» ብላ ጀምራ ነበር፤ ዳባ ግን ሌላ አጀንዳ ውስጥ ገብቶ ነበር። የፋኢዛ እጅ ዘግይቶም ቢሆን ወጣ።

ስወጣ በረንዳው ላይ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንዷ «ሰውየው ጎረቤታቸው ከሄደ ወዲህ ፊታቸው ተፈቶ አያውቅም» አለች። ሌላዋ ሳቀች። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ሰው ሥራ ሲፈታ የሌላውን ፊት ይቆጥራል።

ሰኔ 20

ዝናብ። የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ያፈሳል። ድንኳኑን ወደ ደረቁ ጥግ ሳብኩት። ወገቤ።

ሰኔ 26

ነገሪ ዛሬም «ኩለሩስ ጋሼ?» አለኝ። ተወስኗል አልኩት። «ማን ወሰነ?» አለ። ኮሚቴው አልኩት። መስታወቱን እየጠረገ አንገቱን ነቀነቀ። ይህ ልጅ ዳገት ላይ ነዳጅ አብዝቶ ይረግጣል። ካምቢዮ የሚያቃጥለው አነዳዱ ነው። መጀመሪያም ይህን መናገር ነበረብኝ።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፍ።

እራት ላይ ከአምሳለ ጋር ተጣላን። ነገሩን ያመጣችው እሷ ናት። ክረምቱ ሳይበረታ የካ አባዶ ሄደን እነመብርሃቶምን እንጠይቅ አለችኝ። ሳይሰናበተኝ ወደ ሄደ ሰው ቤት አልሄድም አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «መጥቶ ነበር እኮ። ዕቃው ሲጫን ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ‹የለም በይው› ያልከኝ አንተ ነህ።»

እንደዚያ አላልኩም። «ተኝቷል በይው» ነው ያልኩት። ሚስቴ ሰላሳ ነገር ትረሳና እንዲህ ያለውን አጣማ ትይዛለች።

ለነገሩ ምን ልበለው ነበር? ወንድሞቹ እየተጠራሩ ቁም ሳጥኑን ሲያወጡ፣ ሚስቱ ራሕዋ የአበባ ጣሳዎቿን አንድ በአንድ ስታቅፍ፣ በመስኮት አይቻለሁ። ከመኪናው ኋላ ቆሞ ወደኛ በር ሲመለከትም አይቻለሁ። ወጥቼ ተሸክሜ ላግዘው? አይዞህ ልበለው? እሱ አዲስ ቤት ሊገባ፣ እኔ ከአጥሩ ጋር ልቀር፣ አይዞህ ባዩ እኔ ልሁን? ማነው የቀረው? ማነው ጎረቤት ያጣው? እሱ ራሕዋን ይዞ፣ ወንድሞቹን ይዞ ነው የሄደው። እኔ ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓቴን የማሳልፈው ከእሱ ጋር ነበር። ዳማችን አሁንም አልጋዬ ሥር ነው፤ የእሱ ቆርኪዎች በላስቲክ ታስረው፣ የእኔ ተበታትነው።

አምሳለ «ታዲያ ይህንኑ ንገረው» አለችኝ። በቃ፣ ሴት ሁሉ ነገር በወሬ የሚያልቅ ይመስላታል።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ትናንት ገላን ለቅሶ ነበረ፤ ከሰፈሩ የሄዱ አንዲት አሮጊት አርፈው። መኪናዋ ደርሳ ተመለሰች። ድንኳኑ በጊዜው ተተከለ። ፋኢዛን ሳገኛት «ይኸው ያለ ኩለር ደረሰች» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ሄደች።

በኋላ ነገሪ፣ መንገድ ላይ ሁለቴ አቁሞ እስክትቀዘቅዝ እንደጠበቀ ነገረኝ። ለማንም እንዳታወራ አልኩት። ሰው ያለ ምክንያት ይደነግጣል።

ሐምሌ 23

መብርሃቶም ደወለ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ስሙን አየሁት። አምሳለ አነሳችው። እየሳቀች ጀመረች፤ ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «ምነው? መቼ ጀመረህ? ሐኪም ምን አለ?» ትላለች። ስልኩን ዘረጋችልኝ። ጋዜጣውን ይዣለሁ። በእጄ «በኋላ» አልኳት።

ልቡ ነው አለች። ደረጃ መውጣት ከብዶታል፤ አራተኛ ፎቅ ነው ያለው። «ተስፋለምን አቅርቢልኝ፣ አንድ ነገር ልንገረው» ብሎ ነበር።

ስለ ኩለሩ ይሆናል።

ፍልሰታ ሲፈታ እሄዳለሁ። ዳማውን ይዤ እሄዳለሁ። ኩለር የሚለው ነገር ከአፉ ከወጣ ግን ተነስቼ እመጣለሁ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

መብርሃቶም አረፈ። ከሰዓት፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ።

ራሕዋ ለአምሳለ ደወለች። ለእኔ አልደወለችም።

ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት። ዕቃውን ጫንን። ድንኳን፣ ብረቶች፣ ድስቶች ካሶኒው ላይ፤ አግዳሚና ወንበር ተሳቢው ላይ። ዘይቱን አላየሁም። ጨልሟል።

ነሐሴ 7

ቆመናል። ዳገቱ መሐል። ነገሪ ሰው ፍለጋ ሄዷል። ይህን በስልኬ ነው የምጽፈው፤ እጄ ሥራ ካልያዘ አልችልም።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። ካምቢዮው አልቋል። ሽታው ጋቢናው ውስጥ ነው፣ ልብሴ ውስጥ ነው።

ዳባ ደወለ። የት ደረሳችሁ አለኝ። ቀርበናል አልኩት።

አምሳለ ከሰዎቹ ጋር በሚኒባስ ቀድማለች።

ስድስት ሰዓት አለፈ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሁሉንም ልጻፈው፤ አለበለዚያ ሌሊቱን እየደጋገመኝ አያስተኛኝም።

ዝናቡ ዳገቱ ላይ እንደቆምን ጀመረ። ኮፈኑን ከፈትኩት። ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም፤ ምን እንደሆነ ከሰኔ ጀምሮ አውቃለሁ። የሚያልፉ መኪኖች ጭቃ ይረጩብናል። ነገሪ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከካሶኒው ላይ ወጥቼ ድንኳኑ እንዳይርስ ላስቲኩን ስጎትት፣ እዚያው ተጠቅልሎ የተኛው ድንኳን ላይ ተቀመጥኩ። የመብርሃቶም ድንኳን ነው። አብረን ሸራውን የመረጥነው፣ የጎኑን መግቢያ ሰፊ ይሁን ብሎ የተከራከረኝ፣ ጠርዙ ሲቀደድ መርፌ ይዞ የሰፋው እሱ ነው። እኔ እላዩ ላይ ተቀምጬ፣ እሱ ከዳገቱ ማዶ ተቀበረ።

አፈር አላለበስኩትም። ይህን መጻፍ እንኳ አልወድም። የጓደኛዬን ሬሳ አልሸኘሁም።

ከሰዓት አንድ አይሱዙ ተገኝቶ ዕቃውን ገልብጠን ደረስን። በጭቃ ተለውሼ ከመኪናው ስወርድ፣ ግቢው መሐል ድንኳን ተተክሏል። ሰማያዊ፣ የማላውቀው ድንኳን። የማላውቃቸው ሰዎች አግዳሚ ያስተካክላሉ፣ ውኃ ያድላሉ። የዚያ ሰፈር እድር ነው። መብርሃቶም አባላቸው አልነበረም። ዝናብ ላይ ሰው ቆሞ ሲያዩ አውጥተው ተከሉለት።

አንዱ ወደ እኔ መጥቶ «አባት፣ ድንኳን ነው ያመጣችሁት? አሁን ተከልን እኮ። ይመለስ» አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ። አይሱዙውን ሳያራግፍ መለስነው።

ራሕዋ ጋ ገባሁ። ተነስታ አቀፈችኝ። «በዝናብ ደከማችሁ አይደል?» አለችኝ። እሷ እኔን። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ማንንም ሳትወቅስ፣ እንዲሁ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነገረችኝ።

«እዚህ ከገባን ጀምሮ የብሎኩ ሰዎች እድር ግባ እያሉ ለምነውታል። እምቢ አለ። ‹እኔ እድር አለኝ። ተስፋለም ድንኳኔን ይዞልኝ ይመጣል› ይላቸዋል። ሁልጊዜ እንደዚሁ ነው የሚላቸው። ያቺ መኪና ብቻ ታሳስበው ነበር። ዳገቱን እያየ፣ ‹አንድ ቀን እዚያ ላይ ትቆምበታለች፣ ተስፋለም ደክሞት ይገፋል› ይለኝ ነበር።»

አምሳለ ከማዶ ታየኛለች። ዓይኔን ወደ ጫማዬ መለስኩ።

ነሐሴ 12

አልወጣሁም። ራሴን አሞኛል ብያቸዋለሁ።

ስልኬን ሳገላብጥ የእሱን ያልተነሱ ጥሪዎች አየሁ። ብዙ ናቸው። አላጠፋኋቸውም፤ አልቆጠርኳቸውምም።

ነሐሴ 18፣ እሁድ

ጠቅላላ ጉባኤ። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው፤ ከገላን የመጣ አንድም ሰው የለም። ፋኢዛ ተነስታ ተናገረች። የሄዱት ተመካክረው በየሰፈራቸው እድር ሊገቡ ወስነዋል።

«ማንም ላይ ቅር ብሎን አይደለም ብለዋል» አለች። «በቃ ሩቅ ነው፣ መኪናዋም አትችልም፤ እናንተንም አናስቸግር ነው ያሉት።»

አንድ ሰው ከኋላ «ለመሆኑ ምን ሆና ነው የቆመችው?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ልናገር ነበር። እውነቴን ነው፣ ለመናገር ነው የተነሳሁት። ከአፌ የወጣው ግን «ዕድሜ ነው፤ ያረጀች መኪና ናት» የሚል ነው።

«አቶ ተስፋለም ካሉ አለቀ» አለ ዳባ።

ደረጃው ላይ ፋኢዛ ደረሰችብኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ዘይቱ ሰኔ ላይም ጥቁር እንደነበር ነገሪ ነግሮኛል» አለች። «ለማንም አልናገርም። ግን ለምን?»

ጥሩ ልጅ ናት። ለጥያቄዋ መልስ የለኝም እንዳልል አለኝ፤ ያለኝ መልስ ለሰው የሚነገር አይደለም። «መሽቷል፣ ሂጂ» አልኳት። ገና ፀሐይ ነበረ።

ነሐሴ 27

ያገለገለ ካምቢዮ ከሶማሌ ተራ ተገኝቶ ተገጠመ። ኮሚቴው መኪናዋ ትሸጥ ወይስ ትቅር ሲል ትቅር አልኩ። ከዚህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ለኛ ትበቃናለች። ስንት ነን እኛ?

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ዛሬ ሶማሌ ተራ ሄጄ ኩለር ገዛሁ። ለኮሚቴው አልነገርኩም። ከራዲያተሩ ፊት በገዛ እጄ አሰርኩት፣ ቱቦዎቹን አገናኘሁ፣ ክላምፖቹን አጠበቅሁ። እጄ አልረሳም። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰኔ ላይም የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ነገሪ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ብዙ ካየኝ በኋላ «ጋሼ፣ አሁን እኮ ከቂርቆስ አንወጣም» አለኝ።

«አውቃለሁ። ድንኳኑን ጫን። ተሳቢውንም እሰር።»

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። ያለ ጭነት አይፈተንም።»

በኮተቤ በኩል ወጣን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ነገሪ ቀና ብሎ አየኝና ነዳጁን ቀስ ብሎ ረገጠው። አላበዛም፤ መቼም አብዝቶ አያውቅም። መኪናዋ ያዘች። ማርሽ ቀየረች፣ አልለቀቀችም። የቆምንበትን ቦታ አለፍነው። አናቱ ላይ አስቆምኩትና ወርጄ የዘይቱን መለኪያ መዘዝኩ። ቀይ ነው። አሸተትኩት። ምንም አይሸትም።

ከዚያ የመብርሃቶም ብሎክ ይታያል። አራተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ የራሕዋ የአበባ ጣሳዎች ተደርድረዋል።

«ግቢው ድረስ ልንዳው?» አለኝ ነገሪ። «ከመጣን አይቀር እትዬ ራሕዋን ሰላም ብለን እንመለስ።»

ወደ ኋላ ዞሬ ካሶኒውን አየሁ። ድንኳኑ ደርቆ፣ በወግ ታስሮ ተቀምጧል።

«መልሰኝ» አልኩት።

አዙሮ ቁልቁል ነዳው። ስንወርድ መኪናዋ ምንም አልከበዳትም። ለቁልቁለት ኩለር አያስፈልግም።